የአፕዴት አይኤስኦ ስንሠራ የፋይል ስም ለምን ይቆረጣል? ጥያቄና መልስ

ኢንተርኔት ለሌላቸው ኮምፒውተሮች የዊንዶውስ አፕዴት ሰብስባችሁ አይኤስኦ (የሲዲ ወይም የዲቪዲን ይዘት በሙሉ የያዘ አንድ ፋይል) ለምትሠሩ ሁሉ፦ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ያወረድኳቸው ፋይሎች ሃርድ ዲስኬ ላይ ስማቸው ሙሉ ነው። አይኤስኦው ውስጥ ግን መጨረሻው ተቆርጧል። ምን ነካቸው?

መልስ፦ ፋይሎቹ ደህና ናቸው፤ ቦታ ያጣው ስማቸው ነው። አይኤስኦ 9660 የሚባለው የሲዲ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲወጣ፣ የመጀመሪያ ደረጃው ለስም 8፣ ከነጥቡ ቀጥሎ ላለው ኤክስቴንሽን 3 ፊደል ብቻ ይፈቅድ ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ወደ 31 ከፍ አደረገው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 95 ዘመን ጆሊየት የተባለውን ማራዘሚያ ጨመረበት፤ እሱ እስከ 64 ይሄዳል። አሁን የአንዱን አፕዴት ስም እንቁጠር። «ዊንዶውስ10.0-ኬቢ5005565-ኤክስ64_» የሚለው በላቲን ፊደል ሲጻፍ 26 ቦታ ይይዛል። ቀጥሎ 40 ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ሃሽ (ከፋይሉ ይዘት የተሰላ መለያ) አለ። ነጥቡና «ኤምኤስዩ» የሚለው ኤክስቴንሽን 4 ይጨምራሉ። ድምሩ 70፤ በ6 አለፈ።

ጥያቄ፦ ቢቆረጥስ? ውስጡ ያው አይደል?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ይዘቱ አይነካም። ኤክስቴንሽኑ እስካለ ድረስ ደብል ክሊክ ስታደርገው ይጫናል። በስክሪፕት የምትጭን ከሆነ ግን ስክሪፕቱ የሚፈልገው ሙሉ ስሙን ስለሆነ ፋይሉን አያገኘውም። ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ ሃሹ ነው። ያ 40 ፊደል ኤስኤችኤ-1 በሚባለው ስሌት የተገኘ የፋይሉ መለያ ነው። አስልተህ ከስሙ ጋር ስታስተያየው፣ ፋይሉ ሲወርድ ወይም ሲገለበጥ እንዳልተበላሸ ታውቃለህ። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት መሥሪያ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ እንዲገባላችሁ ብላችሁ ስሙን በእጃችሁ አታሳጥሩት።

ጥያቄ፦ ሊኑክስ ላይ ኤምኬአይሶኤፍኤስ የሚባለው የአይኤስኦ መሥሪያ ፕሮግራም «ሁለት ፋይሎች አንድ ዓይነት የጆሊየት ስም አላቸው» ብሎ አቆመብኝ።

መልስ፦ ስማቸው የሚለያየው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው፤ ሲቆረጥ አንድ ሆኑ። «ጆሊየት-ሎንግ» የሚለውን አማራጭ ጨምሪበት፣ ወሰኑ 103 ይደርሳል። ከጆሊየት ደንብ ውጪ መሆኑን የፕሮግራሙ መመሪያ ራሱ ይናገራል፤ ግን ይሠራል ይላል።

ጥያቄ፦ ሮክ ሪጅ የሚባለው ሌላው የአይኤስኦ 9660 ማራዘሚያ 255 ይፈቅዳል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ግን ዊንዶውስ አያነበውም። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ሊኑክስ ከሆኑ ተጠቀምበት።

ጥያቄ፦ ታዲያ እርስዎ የትኛውን ይመርጣሉ?

መልስ፦ ዩዲኤፍ የሚባለውን ሌላ የዲስክ ደንብ፣ ያለ ማመንታት። የላቲን ፊደል ከሆነ እስከ 254 ይይዛል። ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይልም አያስቸግረውም። የማይክሮሶፍት የራሱ የዊንዶውስ አይኤስኦ የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ዩዲኤፍ በማያነብ ፕሮግራም ብትከፍቱት የምታገኙት «ይህ ዲስክ ዩዲኤፍ የሚያነብ ሲስተም ይፈልጋል» የሚል አንድ የጽሑፍ ፋይል ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኦስክዲምግ የሚባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ «ዩ2» በሚለው አማራጭ ዩዲኤፍ ብቻ የሆነ አይኤስኦ ይሠራል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያሉት አይኤስኦውን ለመክፈት ደብል ክሊክ ብቻ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፦ ፎልደሮቼን በአማርኛ ነው የምሰይመው። ችግር አለው?

መልስ፦ የለውም፣ ሂሳቡ ግን ይለያል። ጆሊየት ላይ የግዕዝ ፊደልም የላቲን ፊደልም እኩል ይቆጠራሉ፣ 64 ነው። ዩዲኤፍ ላይ አንዱ የግዕዝ ፊደል 2 ባይት ስለሚይዝ 127 ይሆናል። ሮክ ሪጅ ላይ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚወስድ ወደ 85 ይወርዳል። የአይኤስኦ 9660ን የመጀመሪያ ደረጃ ብቻ ከተጠቀማችሁ ግን አማርኛ ጨርሶ አይገባም፤ የሚቀበለው ትልልቅ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዩዲኤፍ ተጠቅሜም ከአይኤስኦው ወደ ዴስክቶፕ ስገለብጥ «ስሙ በጣም ረጅም ነው» አለኝ።

መልስ፦ ይሄኛው የዲስኩ ጥፋት አይደለም። ዊንዶውስ በተለምዶ ከድራይቩ ፊደል ጀምሮ እስከ ፋይሉ ስም ያለውን መንገድ ሁሉ በ260 ይገድበዋል። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየደራረብክ ከሆነ ቶሎ ይሞላል። በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ አጭር ስም ያለው ፎልደር ክፈትና እዚያ ገልብጠው።