ከኢንሄለር በኋላ የሚመጣ መርበትበት

ጥያቄ፦ የአስም ሕመምተኛ ነኝ። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ሳልቡታሞል የተባለውን ማስታገሻ በኢንሄለር እስባለሁ፤ ወዲያው እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል፣ ያለ ምክንያትም እረበሻለሁ። መድኃኒቱን ላቁመው?

መልስ፦ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቁሙት። ሳልቡታሞል የአየር ቧንቧን ጡንቻ የሚያላላው አድሬናሊን የሚሠራበትን መንገድ ተከትሎ በመሆኑ፣ ወደ ደም የሚገባው ክፍል እጅንና ልብን ይቀሰቅሳል፤ ስሜቱ ፍርሃት ቢመስልም ምንጩ መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይበርዳል። ቡናም ሊያባብሰው ስለሚችል ቶናና በረካው ለጊዜው ቢቀርብዎ አይከፋም። ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የአወሳሰድዎ ብዛት ነው፤ ማስታገሻውን በሳምንት ከ2 ቀን በላይ መፈለግ አስሙ በወጉ አለመያዙን ስለሚያሳይ፣ የአየር ቧንቧን ብግነት የሚቀንስ የስቴሮይድ ኢንሄለር ያስፈልግዎ እንደሆነ ሐኪምዎን ሳይዘገዩ ይጠይቁ። የደረት ሕመም ወይም የተዛባ የልብ ምት ከተሰማዎ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።