መልስ፦ ጂቢ ፕሮቲን ሳይቆረጥ ቫይረሱ ሕዋስ ሊወርር ይችላልን?

ጤና ይስጥልኝ። ፉሪን የተባለው ኢንዛይም የሄርፒስ ቫይረሶችን ጂቢ ፕሮቲን (ቫይረሱን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር የሚያዋህደውን የላይኛ ገጽ ፕሮቲን) የሚቆርጥ ከሆነ፣ የሚቆረጥበትን ቦታ ማጥፋት ቫይረሱን ለምን እንደማያከሽፈው ጠይቀዋል። ግምትዎ ከኢንፍሉዌንዛ የመነጨ ይመስለኛል፤ እዚያ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ሄማግሉቲኒን የተባለ የቫይረሱ ፕሮቲን ካልተቆረጠ ወደ ሕዋሱ ሽፋን የሚሰካው ጫፍ ነጻ ስለማይወጣ ቫይረሱ ሕዋሱን ሊወርር አይችልም። ጂቢ ግን ሽፋኑን የሚይዘው በመቆረጥ በተፈጠረ ጫፍ ሳይሆን በፕሮቲኑ መካከል በሚገኙ ሁለት እጥፋቶች ነው።

ከሄርፒስ ቫይረሶች አንዱ የሆነውን የሰውን ሳይቶሜጋሎቫይረስ ብንወስድ፣ ጂቢ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ፕሮቲን በሚሠራበት የሕዋሱ ክፍል) ውስጥ ታጥፎ፣ ስኳር ተለጥፎበትና ሦስት ሦስት ሆኖ ተጣምሮ ፕሮቲኖች ተሰናድተው ወደሚላኩበት የሕዋሱ ክፍል፣ ወደ ጎልጂ፣ ያልፋል፤ ፉሪንም በዚያው አካባቢ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ከሚበዛበት አጭር ሰንሰለት ቀጥሎ ይቆርጠዋል። ሁለቱ ቁራጮች በዳይሰልፋይድ (በሰልፈር አተሞች መካከል ባለ) ትስስር ተያይዘው ስለሚቀሩ አይለያዩም፤ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለየው ጄል ላይ ለየብቻ የሚታዩት ትስስሩን የሚፈታ ኬሚካል ሲጨመር ነው። (ያልተቆረጠ የሚመስል ውጤት ካገኙ አስቀድመው ይህንን ያጣሩ።)

የሄርፒስ ሲምፕሌክስ 1 ጂቢ ጭራሽ አይቆረጥም፤ ቫይረሱ ግን በሚገባ ይሰራጫል። ይህም ሆኖ መቆረጡን ከንቱ ማለት ችኮላ ይሆናል። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫሪሴላ ዞስተር ቫይረስ የፉሪን መቁረጫው ሲጠፋበት በቤተ ሙከራ ሕዋሳት ውስጥ ቢባዛም፣ በአይጥ ላይ በተተከለ የሰው ቆዳ ውስጥ አቅሙ ቀንሶ ተገኝቷል።