ጦጣው እውነት ነው፤ ከእሱ የሚብሱ ግን አሉ

ወንድሜ፣ «ድሮ ናስካር ላይ ጦጣ ጭኖ የሚወዳደር ሾፌር ነበር የሚባለው እውነት ነው? ሌላስ ምን ጉድ ነበር?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ሰሜን ካሮላይና የምኖር መካኒክ ነኝ። ናስካር የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ያደገው እዚህ አካባቢ ስለሆነ፣ ጋራዣችን ሽማግሌ ደንበኛ በገባ ቁጥር ወሬው እሱው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች እጽፍልሃለሁ።

የጦጣው ነገር እውነት ነው። ቲም ፍሎክ በ1953 ጆኮ ፍሎኮ የሚባል ጦጣ ልብስ አልብሶ፣ ለብቻው በተሠራለት ወንበር ላይ አስሮ ይነዳ ነበር፤ እዚሁ ሰሜን ካሮላይና፣ ሂኮሪ ላይ አብረው አሸንፈዋል። ራሌ ላይ ግን ጆኮ ከማሰሪያው አመለጠ። በመኪናው ወለል ላይ ሾፌሩ የፊት ጎማው ማለቁን እየነዳ የሚያይበት፣ በሰንሰለት ተስቦ የሚከፈት ቀዳዳ ነበር። ጦጣው ሰንሰለቱን ሲጎትት ጠጠር ተፈናጥሮ መታው፤ በድንጋጤ ዘሎ ፍሎክ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ፍሎክ እሱን ለማውረድ መቆም ግድ ሆነበትና ሦስተኛ ወጣ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንን ነው። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ያኔ ብዙዎቹ የሚወዳደሩት ተራ የቤት መኪና ይዘው መሆኑ ነው። መኪናው ጉድ ሲሠራቸው ኀፍረቱ ሜዳው ላይ አያበቃም፤ ቤት ድረስ ይከተላቸዋል።

ሰኔ 19 ቀን 1949 ቻርሎት ላይ የተደረገውን፣ ለተራ የቤት መኪኖች የተዘጋጀውን የመጀመሪያውን የናስካር ውድድር ተመልከት። መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ መሆን አለበት የሚል ደንብ ነበር። ግሌን ደናዌይ በ1947 ፎርድ አንደኛ ገባ። ሲመረመር የኋላ ባሌስትራው ተነካክቶ ተገኘ፤ ለካ መኪናው በድብቅ የወጣ አረቄ ማመላለሻ ኖሯል። አገር ቤት ጭነት የሚያበዛ ሰው አይሱዙው ላይ ባሌስትራ እንደሚያስጨምረው ማለት ነው፤ መኪናው ሲጫን አይረግብም፣ ኩርባ ላይም አይንገዋለልም። ድሉ ተነጠቀ። ባለ መኪናው ናስካርን ከሰሰ፣ ዳኛው ውድቅ አደረገበት። አሸናፊ የተባለው ከካንሳስ በሊንከን የመጣው ጂም ሮፐር ነው። የእሱም ሞተር ለምርመራ ስለተፈታ ወደ አገሩ ለመመለስ ሌላ ሞተር መፈለግ ነበረበት! በዚያው ቀን ሊ ፔቲ ተውሶ ያመጣውን ቢዩክ ገለበጠ። ቤተሰቡን ይዞ የመጣው በዚያው መኪና ነበርና ወደ ቤት የሚወስዳቸው ሰው መለመን ሆነ። ያን ቀን 11 ዓመቱ የነበረው ልጁ ሪቻርድ በኋላ የዚህ ስፖርት ንጉሥ ተባለ።

ከሁሉም ልቤን የምትነካው ሉዊዝ ስሚዝ ናት። በ1947 የባሏን አዲስ ፎርድ ይዛ ውድድር ለማየት ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ወረደች፤ መቀመጥ አላስቻላትምና ገብታ ተወዳደረች፣ መኪናውን ገለበጠችው። በአውቶቡስ ተመልሳ ባሏን «መንገድ ላይ፣ ኦገስታ ከተማ ተበላሽቶብኝ ነው» አለችው። እሱ ግን የተጨፈለቀውን መኪና ፎቶ ጋዜጣ ላይ አይቶት ኖሮ አውጥቶ አሳያት። እሷም አልተወችም፤ ለዓመታት ተወዳድራ ብዙ ጊዜ አሸንፋለች።

በ1950 ደቡብ ካሮላይና፣ ዳርሊንግተን ላይ ደግሞ ጎማ እየፈነዳ አስቸገረ። የያዙት መለዋወጫ ሲያልቅ ሜዳው ውስጥ ከቆሙ የተመልካቾች መኪኖች ጎማ እየፈቱ ገጠሙ። ያሸነፈው ጆኒ ማንትዝ ነው፤ መኪናው ከሁሉ ቀርፋፋ ነበረች፣ ግን ጠንካራ የከባድ መኪና ጎማ አስገብቶላት ነበር።

እንደ መካኒክ ደጋግሜ የማስበው የ1960ውን የዴይቶና 500 (የ500 ማይል ውድድር) ነው። ቦቢ ጆንስ ሊጨርስ ጥቂት ዙር ሲቀረው እየመራ ሳለ የኋላ መስታወቱ ተነቅሎ በረረ። በዚያ ፍጥነት ከመኪናው ጀርባ ያለው አየር ይስባል፤ ለቤት መኪና የተሠራ መስታወት ደግሞ ያን አይችልም። መኪናው ተሽከርክሮ ሣሩ ላይ ወጣ። ጁኒየር ጆንሰን ከሌሎቹ መኪኖች በፍጥነት ያነሰች ሼቭሮሌቱን እነሱ ጀርባ ላይ ለጥፎ፣ የእነሱ አየር እየሳበው ነበር የሚከተለው። ጆንስ ቀጥ ብሎ እስኪመለስ አለፈውና አሸነፈ፤ ጆንስ ሁለተኛ ወጣ።