መልእክቱ ተቆራርጦ ሲመጣ

ጥያቄ፦ በሀስኬል የምጽፈው ሰርቨር በቲሲፒ መልእክት ይቀበላል። እያንዳንዱ መልእክት በመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች ርዝመቱን ይናገራል፣ ይዘቱ ይከተላል። እዚሁ ኮምፒውተሬ ላይ ስሞክረው ደህና ነው፤ በኔትወርክ ግን አልፎ አልፎ «በቂ ባይት የለም» ብሎ ይወድቃል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቲሲፒ የሚያደርሰው የባይት ፍሰት እንጂ መልእክት አይደለም። ላኪው አንዴ የጻፈው በሁለት ወይም በሦስት ንባብ ሊደርስዎ ይችላል። ርዝመቱ 300 ቢሆን አራቱ ባይቶች 0፣ 0፣ 1 እና 44 ናቸው፤ ንባቡ 44 ሳይደርስ ሊቆም ይችላል። ባይቶችን ወደ ዋጋ የሚተረጉመው የባይነሪ ላይብረሪ ፈንክሽን «ራንጌት» (runGet) ደግሞ ግብአቱ ተሟልቶ እንደቀረበለት ስለሚቆጥር ያልደረሰውን እንደ ስህተት ያየዋል።

ከሀስኬል ኮምፓይለሩ ጂኤችሲ ጋር የሚመጣው ይኸው ባይነሪ ላይብረሪ ለዚህ «ራንጌትኢንክሪመንታል» (runGetIncremental) አለው፤ በየቁራጩ የሚያነብ ዲኮደር ይሰጥዎታል። ውጤቱ ዱን (ተጠናቀቀ)፣ ፌይል (ከሸፈ) ወይም ፓርሻል (ገና ባይት ይቀረዋል) ነው። ፓርሻል በውስጡ ፈንክሽን ይዟል፦ አዲስ ቁራጭ በ«ጀስት» ሲሰጡት ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሶኬቱ (የኔትወርክ ግንኙነቱ) ሲዘጋ «ናቲንግ» ይስጡት፣ ግብአቱ አለቀ ማለት ነው። ሌሎቹ የሀስኬል ላይብረሪዎች አቶፓርሴክና ሲሪያል ግን የግብአትን ማለቅ የሚያውቁት በባዶ ባይትስትሪንግ (የባይቶች ድርድር) ነው። ይህን አንወደውም፤ ከሌላ ቦታ ሾልኮ የመጣ ባዶ ቁራጭ ሥራውን ያለጊዜው ይዘጋዋል።

ብዙዎች የሚስቱት ዱን ላይ ነው። ዱን ከውጤቱ ጋር የተረፈውን ባይት ይመልሳል፤ እሱ የቀጣዩ መልእክት መጀመሪያ ነው። ከጣሉት የሚቀጥለው ርዝመት ከመሃል ይነበብና የማይመስል ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ ትርፉን ለአዲሱ ዲኮደር መጀመሪያ ያቀብሉ፣ ከዚያ ወደ ሶኬቱ ይሂዱ።

የራስዎን ላይብረሪ የሚነድፉ ከሆነ ቁራጭ በመጣ ቁጥር ከቀድሞው ጋር ወዲያው አያጣብቁት። 1 ሜጋባይት መልእክት በ4096 ባይት ቁራጭ ቢመጣ 256 ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጥያ ያለፈውን ሁሉ ስለሚገለብጥ በድምሩ ወደ 128 ሜጋባይት ይገለበጣል። ቁራጮቹን በሊስት ይያዙ፣ የሚፈለገው መጠን ሲሞላ አንዴ ያጋጥሙ። ርዝመቱንም ከማመንዎ በፊት ጣሪያ ያበጁለት፤ አራቱም ባይቶች 255 ከሆኑ ፓርሰሩ ወደ 4 ጊጋባይት ይጠብቃል። ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጡትን ትንሽ ባይትስትሪንግ በ«ኮፒ» ይለዩት፣ አለዚያ ለ20 ባይት ሲል የተቆረጠበትን 4096 ባይት በሙሉ በሜሞሪ ይዞ ይቀመጣል።

ለሙከራ ከላይ ያነሳነውን መልእክት (4 የርዝመት ባይትና 300 የይዘት ባይት፣ በድምሩ 304) በ303ቱም መቁረጫ ቦታዎች ለሁለት እየከፈሉ፣ ቀጥሎም አንድ አንድ ባይት እየሰጡ ያስኪዱት። ውጤቱ ከተለያየ መጀመሪያ ቁራጭ የሚያቀብለውን ሉፕ ይመርምሩ።