ብርቱካናማው ሸሚዝ እኛን ምን አገባን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። የ6 ዓመት ልጄ ለሴፕቴምበር 30 (ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት በግድ የተወሰዱት የነባር ሕዝቦች ልጆች ለሚታሰቡበት ቀን) ብርቱካናማ ሸሚዝ ግዢልኝ ብላ ወጥራ ይዛኛለች። ባለቤቴ ግን «እኛ ትናንት የመጣን ሰዎች ነን። በነባሮቹ ሕዝቦች ላይ ለደረሰው በደል ምን አገባን?» ይላል። ምን ልበለው? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሸሚዙን ግዢላት። ለባለቤትሽ ደግሞ እኔም እንደ እሱ እል እንደነበር ንገሪልኝ።

ዜግነት የወሰድኩት በ2022 ነው። ቃለ መሐላውን እንደ በቀቀን ደገምኩ፣ ባንዲራ ይዤ ፎቶ ተነሳሁ፣ አለቀ። ወረቀቱን ረጋ ብዬ ያነበብኩት ከወራት በኋላ ነው። ለካስ የነባሮቹን ሕዝቦች፣ ማለትም የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢንዊትንና የሜቲን፣ የውል መብት የሚያጸናውን ሕገ መንግሥት አከብራለሁ ብዬ ምያለሁ! ሐረጉ መሐላው ውስጥ የገባው በ2021 ነው። የእነዚያን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ያጣራው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች የመጨረሻው ይኸው ነበር።

ውል ካልን አይቀር፣ ኤድመንተን ያለችው መንግሥትና ነባሮቹ ሕዝቦች በ1876 በተፈራረሙት «ውል ቁጥር 6» መሬት ላይ ነው። ያኔ መንግሥት ከነባሮቹ ለአንድ ተራ ሰው በዓመት 5 ዶላር ሊከፍል ተቆረጠ። ዛሬም የሚከፈለው ያችው 5 ዶላር ናት። እኛ ቤት ተከራይተን የምንኖረው እዚህ መሬት ላይ ነው፤ ያገባናል።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ሥራ ቦታ፣ በእረፍት ሰዓት፣ አንድ ያገሬ ልጅ ስለ ነባሮቹ ሕዝቦች «እነሱ እኮ ታክስ አይከፍሉም፣ መንግሥት ይቀልባቸዋል» አለ። ሰምቼ ሻዬን ማማሰል ቀጠልኩ። ነገሩ ደግሞ ውሸት ነው። ከገቢ ግብር ነፃ የሚሆነው በሕግ የተመዘገበ የፈርስት ኔሽንስ ሰው ሪዘርቭ (ለእነሱ በተከለለ መሬት) ላይ ለሚያገኘው ገቢ ነው። ኢንዊትና ሜቲ እንደኛው ይከፍላሉ። «ስደተኛ በእኛ ታክስ ይኖራል» ሲሉን እንንገበገባለን፤ ያንኑ ሐሜት ዞረን በሌላው ላይ እናወራለን።

ለልጅሽ ይህን ሁሉ አታውሪላት። በ1973 ፊሊስ ዌብስታድ የምትባል የ6 ዓመት ልጅ፣ አያቷ የገዙላትን አዲስ ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሳ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። በመጀመሪያው ቀን አወለቁባት፤ አልመለሱላትም። እኩያዋ ናት፣ ይገባታል።

ስትገዢ ደግሞ ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድ ጠይቂ። በዚህ ሸሚዝ የሚነግድ ሞልቷል።