ናይሮቢ ልግባ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስድስት ሠራተኞች ያሉት የሒሳብ ቢሮ አለኝ። አንድ የቡሬ ደንበኛዬ ናይሮቢ ቅርንጫፍ ከፍቶ «ተከተለኝ» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሂድ ወንድሜ፤ ብቻህን ግን አይሁን። ኬንያ ውስጥ ኦዲት ለመፈረም የዚያው አገር የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃዱ ያለውን ሰው አጋር አድርገው። ቫቱ ቀላል ነው፤ የእኛ 15 በመቶ፣ የእነሱ 16። እኔን ያስቸገረኝ ሰዓት ነበር። ለደንበኛ በእንግሊዝኛ «3 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋቱን ሙሉ ሰነዱን ዘርግቼ ጠበቅሁ፤ እሱ የመጣው በእኛ 9 ሰዓት ላይ ነው። በጣም አዘንኩ። የሚገርመው ግን የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር ልክ እንደ እኛው ነው! ስለዚህ መጀመሪያ የምትቀጥረው ስዋሂሊ አቀላጥፎ የሚጽፍ ልጅ ይሁን።