የውሻ ጠጉር የሞላው ቤት፦ ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን አንድ ጠያቂ ግዙፍ የጀርመን ሼፐርድ ውሻ እንዳላቸው፣ ጠጉሩ ከምንጣፍ አልፎ ጋቢያቸው ላይ እንደተጣበቀ፣ ሦስት ዓይነት ብሩሽ አይተው በጣም ውዱን ሊገዙ እንዳሰቡ ጽፈውልናል።

ዋጋው ይቆይ። የእርስዎ ውሻ ጠጉሩ ድርብ ነው፤ ላይኛው ረዘም ያለና ሻካራ ሆኖ ዝናብና ፀሐይ ሲከላከል፣ ታችኛው እንደ ባዘቶ ለስላሳ ሆኖ ሙቀት ይይዛል፤ ቤትዎን የሞላውም በአብዛኛው ይኸው ታችኛው ነው። ስለዚህ ከብሩሹ የሚፈለገው ላዩን ማሳመር ሳይሆን ቆዳው ድረስ መዝለቅ ነው። የጠጉሩን ጥልቀት በጣትዎ ይለኩና ጥርሱ ከዚያ የማያንስ፣ ጫፉም የደነዘዘ፣ መንሽ መሰል የብረት ማበጠሪያ ይግዙ። ቀጫጭን ጎባጣ ሽቦ የተተከለበት ጠፍጣፋ ብሩሽ ለማጠናቀቂያ ይጠቅማል፤ በመጀመሪያ ግን በራስዎ ክንድ ላይ ይሞክሩት፤ እርስዎን ከቧጠጠ እሱንም ይቧጥጣል። ሦስተኛው፣ ምላጭ መሰል ጥርስ ያለው፣ እፍኝ ሙሉ ጠጉር ስለሚያወጣ ገዢን ያስደስታል፤ ሲደጋገም ግን ላይኛውን ጠጉር ስለሚቆርጥ እኔ አልመክረውም። ውሻውን በጎኑ አስተኝተው ጠጉሩን በአንድ እጅ ወደ ላይ እየገለጡ፣ በሌላው ከሥር ጀምረው በንብርብር ያበጥሩት፤ ከጆሮው ኋላ፣ ከማሰሪያው ሥርና ከብብቱ ያለውን አይዝለሉ። የተቋጠረ ነገር ካለ ሳይፈቱ አያጥቡት፤ የበግ ጠጉር ርሶ ሲታሽ እንደሚጣበቅ ሁሉ ይጠብቃል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዎታል። ዓመቱን ሙሉ መርገፉም አያስደንቅዎ፤ የመርገፊያው ወቅት በአመዛኙ የሚመራው በቀን ብርሃን ርዝመት ሲሆን፣ በእኛ አካባቢ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው።

የባለቤቴን ሚዶ ብጠቀምስ ለሚሉት የደብረ ሲና ጠያቂ፦ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሚዶው የውሻው ነው።

ከሸዋ ሮቢት የጻፉልን ደግሞ ቆላው ስለከበደው ውሻቸውን በፀጉር አስተካካይ መኪና ሊላጩት ነው። እባክዎ አይላጩት። ውሻ ሙቀት የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ እንጂ እንደ ሰው በላብ አይደለም፤ ላይኛው ጠጉር ሲነሳ ቆዳው ለፀሐይ ይጋለጣል፣ ጠጉሩም ለወራት ሳይበቅል ሊቆይ ወይም ተዘበራርቆ ሊበቅል ይችላል። የረገፈውን የውስጥ ጠጉር አበጥረው ያውጡለት፣ ጥላና ውሃ አይጣ። ቆዳው ከቀላ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።

የረገፈውን ከበግ ጠጉር ጋር ቀላቅዬ ብፈትለው ላሉት የመንዝ እናት፦ ይፈተላል፤ ዝናብ የነካው ባና ግን ውሻ ውሻ ይሸታል።

ከአንኮበር የመጣው ጥያቄ አሳስቦኛል። ውሻው ክብ ክብ እየሆነ ይመለጣል፣ ያሳክከዋል፣ ሁለቱ ልጆችም ክንዳቸውን ማከክ ጀምረዋል፤ ጠያቂው ጠንከር ያለ ብሩሽና ለበግ የተገዛ የመዥገር መድኃኒት ሊጠቀሙ ፈልገዋል። ይህ የብሩሽ ጉዳይ አይደለም። የሚረግፍ ጠጉር ሳስቶ ይወርዳል እንጂ ቆዳ አያራቁትም፤ የሚነግሩኝ ጭርት ወይም እከክ ይመስላል፣ ሁለቱም ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ለበግ የሚረጨው እንደ ዲያዚኖን ያለ ኬሚካል በቆዳው ገብቶ ወይም ራሱን ሲልስ ውሻውን ሊመርዘው ስለሚችል በግምት አይቀቡት። ነገ ዛሬ ሳይሉ ውሻውን ወደ እንስሳት ክሊኒክ፣ ልጆቹን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ፤ እስከዚያ ድረስ ልጆቹ አብረውት አይተኙ፣ የተበጠረበትንም ብሩሽ ለጎረቤት አያውሱ።